ሦስቱ ሽሪምፖችና የዪንሁዋ ስእለት

እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሽዌሙ ስልሳ ስምንት ዓመት ከሁለት ወራቸው ነበር። የዘንዶ ጀልባ በዓል ካለፈ አራተኛው ቀን ሲሆን፣ የወደብ ከተማዋ የኪሉንግ ሰማይም እንደ ልማዱ ይዘንብ ነበር። በዚያ ዝናብ ውስጥ የሚስታቸው የዪንሁዋ ታናሽ ወንድም ዋንሺንግ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ባልዲ አቅፎ፣ ከወደቡ መንገድ እስከ ቤታቸው ደጃፍ የሚወስደውን መቶ አሥራ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ወጣ። ሽዌሙ በመስኮት ሲያዩት መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ «ማን ሞተ?» የሚል ነበር፤ ዋንሺንግ ያንን ደረጃ ከረገጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታልና።

የጠቡ መነሻ አንድ ዓሣ ነው። ዋንሺንግ የመርከብ ወጥ ቤት አለቃ ነበር፤ በሽዌሙ ልጅ ሠርግ ላይ ለክብር ጠረጴዛው የሚቀርበውን በእንፋሎት የሚበስል ዓሣ «እኔ ካልሠራሁት» ብሎ ሠራው። ሽዌሙ ቀመሱ። ዕድሜ ልካቸውን የወደብ ጎታች ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ ብልሽት አይተው ሳይናገሩ ማለፍ አይሆንላቸውም ነበር። «ትንሽ እሳት ላይ ቆይቷል፣» አሉ። አራት ቃል ነው። በዚያ አራት ቃል ምክንያት ቤተሰብ በአንድ ገበታ የሚሰበሰብባቸው ዘጠኝ የመኸር ጨረቃ በዓላት ያለ ዋንሺንግ ተከበሩ። ዪንሁዋ ግን በየዓመቱ ለወንድማቸው አንድ ሳህንና አንድ ጥንድ የመብያ እንጨት ከገበታው ላይ ያኖሩ ነበር፤ ሲመሽም አንሥተው ያጥቧቸዋል። ሽዌሙ ያንን ንጹሕ ሳህን ሲታጠብ ማየት ከማንኛውም ስድብ ይልቅ ይከብዳቸው ነበር።

«ጋሼ፣» አለ ዋንሺንግ ባልዲውን ሳያስቀምጥ። «የዓሣ ገንዳ ጀመሩ ሲሉ ሰማሁ።»

«ከማን ሰማህ?»

«ከወደቡ ሰው ሁሉ። ጡረታ ሲወጡ ጊዜ ውሃ መጠበቅ ጀመሩ ይሉዎታል።»

«ይበሉ። እንዳይፈስ ነው የምጠብቀው። ባልዲው ውስጥ ምን አለ?»

ዋንሺንግ ጨርቁን ፈታ። ከባልዲው ውስጥ በባሕር ውሃ የተዘፈቀ፣ አሥራ አንድ ራስ ያለው አረንጓዴ ኮራል፣ ድንጋይ መሳይ አጥንት ያለው የባሕር ነፍስ፣ ወጣ፤ የእያንዳንዱ ራስ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ትንሽ መዶሻ ነው። ከአውራ ጣት በማይበልጥ ቁራጭ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት በቤቱ ያሳደገው ነበር።

«ሰኞ መርከብ ላይ ነኝ፤ አራት ወር፣» አለ። «ውሃውን የሚቀይርለት የለም። ሚስት የለኝም። ጎረቤቴ ደግሞ የባሕር ነገር ሲያይ የሚያስበው ስለ ሩዝ ነው።»

«እዚያ ሰፈር ሌላ ገንዳ ያለው ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም፣» አለ ዋንሺንግ፤ ዓይኑንም ወደ እህቱ ከዚያም ወደ ገበታው አዞረ። «ለመኸር ጨረቃ እመለሳለሁ። ደህና ካቆዩልኝ…»

«እዚሁ ትበላለህ፣» አሉ ዪንሁዋ።

«እዚሁ እበላለሁ።»

እንግዲህ በዚያ ባልዲ ውስጥ የመጣው ኮራል ብቻ እንዳልነበረ ሽዌሙ ተረዱ። የመጣው የዘጠኝ ዓመት ቁርሾ መታረቂያ ነው፤ ኮራሉ ከኖረ ሳህኑ ይቆሽሻል፣ ከሞተ ግን ሳህኑ እንደ ነጣ ይቀራል።

ዪንሁዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ማዙ፣ ወደ ባሕረኞች እመቤት ቤተ መቅደስ ወረዱ። ወንድማቸው በደህና ወደብ እስኪረግጥ ድረስ በቤታቸው ነፍስ ያለው ነገር እንዳይገደል፣ ሥጋና ዓሣም እንዳይበላ ተሳሉ። ሽዌሙ ስእለቱን ያወቁት በሁለት መንገድ ነው፤ መጀመሪያ እራቱ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቀጥሎም ክንዳቸው ላይ ያረፈችውን ቢንቢ ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሡ ሚስታቸው አንጓቸውን ሲይዟቸው።

«እየበላችኝ እኮ ነው፣» አሉ ሽዌሙ።

«እሷ ስእለት የለባትም፣» አሉ ዪንሁዋ።

የሽዌሙ ገንዳ ከስልሳ ሊትር የማይበልጥ ሲሆን፣ በፊት ለፊት ክፍል ከአባቶች መታሰቢያ መደርደሪያ ጎን ተቀምጧል። ሁለት ባለ ነጭ መቀነት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ጥቂት ድንጋይና አንድ የውሃ መዘወሪያ ነበሩበት። ኮራሉን በመካከሉ አኖሩት። በማግሥቱ አሥራ አንዱም ራስ ተከፈተ፤ ሽዌሙም በየጠዋቱ ከቁርስ በፊት ራሶቹን መቁጠር ልማድ አደረጉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከኮራሉ እግር ሥር በተወሸቀች ትንሽ ድንጋይ ላይ፣ ጥፍር የምታክል ቡናማ ነገር ታየች። ቀጭን ግንድ አላት፤ ከግንዷ ጫፍ ላይ ክሮቿ እንደ ዘንባባ ቅጠል ተዘርግተዋል። ጣት ሲጠጋት ትሰወራለች፣ ጣት ሲርቃት ትመለሳለች።

«ኮራሉ ወለደ፣» አሉ ዪንሁዋ።

«ኮራል እንዲህ አይወልድም።»

«አንተ ስንት ኮራል አዋልደሃል?»

 ዪንሁዋ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የባሕር አረም ፍርፋሪ አቀረቡላት፤ ልጅቱም በላች። በማግሥቱም በላች። በዐሥር ቀን ውስጥ ሰባት ወንድምና እህት መጣላት። ዪንሁዋ ለሰባቱም አደሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ሽዌሙ አንድ ጠዋት ሲቆጥሩ አሥር ያገኙት። ለቡናማዋ ቅርብ የሆነው የኮራሉ ራስ ቀንድ አውጣ ወደ ቅርፊቱ እንደሚገባ ተሰብስቦ፣ በጫፉ ላይ ነጭ አጥንት መታየት ጀምሮ ነበር። የቡናማዋ ክሮች ወደዚያው አቅጣጫ ተዘርግተው፣ ውሃው ባወዛወዛቸው ቁጥር ይነኩታል። ሽዌሙ ከሰዓት ሠሪ ጓደኛቸው የወረሱትን ቀጭን ወረንጦ አወጡ። መግደል ክልክል ነውና፣ የአኩሪ አተር ድልህ የነበረበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ አጥበው ከገንዳው የተቀዳ ውሃ ሞሉበት፤ ከዚያም ቡናማዎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ እየነቀሉ፣ በአክብሮት ወደ ጠርሙሱ አሻገሯቸው። ትልቋ ብቻ ወደ ስንጥቋ ገብታ አልያዝ አለች። ጠርሙሱን በሰገነቱ ላይ አስቀመጡ። ዪንሁዋ ለእስረኞቹም ምግብ መውሰድ ጀመሩ።

ሽዌሙ ያልተገነዘቡት፣ የእያንዳንዷ ቡናማ ነገር የእግር ቁራጭ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ መቅረቱን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲቆጥሩ በጠርሙሱ ውስጥ ዘጠኝ፣ በገንዳው ውስጥ ሠላሳ አንድ ሆኑ። የተከፈቱት የኮራሉ ራሶች ሰባት ነበሩ።

በዝናብ እየራሱ ወደ ሹፌን ሱቅ ወረዱ። ሹፌን ከዓሣ ገበያው ጀርባ የባሕር ዓሦችና ኮራል የምትሸጥ፣ የአርባ ዓመት ገደማ ሴት ናት። ሽዌሙ የነገሩን መልክ በእጃቸው እያሳዩ ሲያስረዱ እስከ መጨረሻው አላስጨረሰቻቸውም።

«አጎቴ፣ በወረንጦ ነቀልኳቸው እንዳይሉኝ ብቻ።»

ሽዌሙ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ።

«ነቀሏቸው።»

«ቀስ ብዬ ነው።»

«ቀስ ብለው ዘሯቸው። ይሄ አኔሞኒ የሚሉት ነው፤ እኛ ‹ቆሻሻው› ነው የምንለው። ቅንጥብጣቢው ድንጋይ ላይ ከቀረ ሌላ ቤት ይመሠርታል። መግበዋቸዋልም እንዴ?»

«እኔ አልመገብኳቸውም፣» አሉ ሽዌሙ፤ እውነት ነበርና።

«ኮራሉን እየነደፉ ይጨርሱታል። በዚህ አያያዝ እስከ ጨረቃ በዓል አጥንቱን ነው የሚያገኙት።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሎሚ ጭማቂ በመርፌ፣ አፏ ውስጥ። አንድ ጠብታ፣ አለቀ።»

«አለቀ ስትዪ?»

«ሞተች።»

«ሳትሞት የምታልቅበት መንገድ የለም?»

ሹፌን መረቧን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ እኔ ያለኝ የዓሣ ሱቅ ነው፤ ገዳም አይደለም።»

ሽዌሙ የስእለቱን ነገር ነገሯት። እሷም ባሕር የወሰደባት አባት ነበራትና መቀለዷን አቆመች። ከአንድ ገንዳ ፊት ወስዳ ቀይ ሰረዝ ያለባቸው፣ እንደ ብርጭቆ ሆዳቸው የሚታይ፣ ባለ ብዙ እግር ትንንሽ ሽሪምፖችን አሳየቻቸው። «እነዚህ ትንንሾቹን አኔሞኒ ይለቅማሉ። ትልቋን ግን አይደፍሯትም፤ እሷን ከነድንጋይዋ ያውጧት። ቤቷን ይዛ ስትሄድ እግሯ አይቀርም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሽሪምፑን ገዝቶ ይሄድ ነበር። ሽዌሙ ግን ከስእለት ጋር የሚጋጭ ነገር በራሳቸው ሥልጣን የሚወስኑ ሰው አልነበሩም፤ አማቻቸው በዚያች ሰዓት በፊሊፒንስ ባሕር ላይ ነበረ፣ ወሩም የአውሎ ነፋስ ወር ነው። ከሱቁ በቀጥታ ወደ ማዙ ሄዱ።

ማዙን የሚጠይቃት ሰው ሁለት ቀያይ እንጨቶች ይወረውራል፤ ግማሽ ጨረቃ መስለው የተጠረቡ፣ አንዱ ጎናቸው ጠፍጣፋ አንዱ ጎናቸው ጎባጣ ናቸው። አንዱ ጠፍጥፎ አንዱ ጎብጦ ከወደቀ «እሺ» ማለቷ ነው። ሁለቱም ጎባጣቸውን ወደ ላይ ካደረጉ «አይሆንም» ነው። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ ካደረጉ ደግሞ እመቤቲቱ እየሳቀች ነው። ለከባድ ጉዳይ «እሺታው» በተከታታይ ሦስት ጊዜ መምጣት አለበት።

ሽዌሙ ተንበርክከው ስማቸውን፣ የቤታቸውን ቁጥርና ጉዳያቸውን አስታወቁ። «ሠላሳ አንዱን በሎሚ ብገድላቸው ትፈቅጃለሽ?» እንጨቶቹ ጎብጠው ወደቁ።

አሰቡ። «ዓይን የላቸውም፣ አጥንት የላቸውም፣ ደም አላየሁባቸውም። እንደ ጎመን ብቆጥራቸውስ?» እንጨቶቹ ሁለቱም ተንጋለሉ።

የቤተ መቅደሱ ዕጣን አዳይ፣ ቲንግ የሚባሉት ሽማግሌ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ይመለከቱ ነበር። «ሳቀችብህ።»

«አይቻለሁ።»

«ጎመን ነው ያልካት?»

«ሰምተህ አይደል።»

«እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ጥያቄህን አስተካክል፤ ከአንተ በፊት ሺህ ዓመት የነጋዴ ጥያቄ የሰማች ናት፣ በአፍ አትያዝም።»

ሽዌሙ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ። ጥያቄያቸውን እንደ ሞተር ክፍል ፈታትተው አንድ በአንድ እያጸዱ ገጠሙት። በመጨረሻም እንዲህ አሉ፦ «ቤቴ እንግዳ ቢመጣ፣ እንግዳውም ተርቦ ቢሆን፣ እኔም ብላ ሳልለው አትብላም ሳልለው ብቀር፣ ስእለቱ ይፈርሳል?… ይቅርታ፣ ሳይፈርስ ይቆያል ወይ?» ወረወሩ፤ እሺ። ወረወሩ፤ እሺ። ሦስተኛውን ሲወረውሩ አንደኛው እንጨት በጠርዙ ቆሞ ሲንገዳገድ ቲንግ ጭምር መጥረጊያቸውን ጥለው ቀረቡ። እሺ ሆኖ ወደቀ።

በዚያው ዕለት ሦስት ሽሪምፖች በውሃ በተሞላ ከረጢት መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወጡ። ትልቋ አኔሞኒም፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ከነድንጋይዋ ተነሥታ ወደ ጠርሙሱ ተዛወረች።

«ገዳይ መቅጠርህ ነው?» አሉ ዪንሁዋ ከረጢቱን እያዩ።

«እንግዶች ናቸው። ማዙ ሦስት ጊዜ እሺ ብላለች።»

«እኔ አልነበርኩም።»

«ቲንግ ነበረ። ጠይቂው።»

ዪንሁዋ ጠየቁ፤ ቲንግም መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይህም ሽዌሙን ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር።

ሹፌን «በሁለት ሳምንት ታያላችሁ» ብላ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሽሪምፖቹ ፋፉ፤ ቆዳቸውን ገልፍፈው ትልልቅ ሆኑ፤ በድንጋዩ ላይ እንደ ከተማ ሹማምንት ይንጎራደዱ ጀመር። አኔሞኒዎቹም አርባ ሦስት ደረሱ። ያ ዓመት ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስድስተኛው ወር ሁለት ጊዜ የሚመጣበት ዓመት ነበር፤ ሽዌሙ የግድግዳውን መቁጠሪያ ገልጠው ሁለተኛውን ስድስተኛ ወር ሲያዩ፣ መንግሥት ለአኔሞኒዎቹ ጊዜ ያራዘመላቸው መሰላቸው። የተከፈቱት የኮራሉ ራሶች አራት ቀርተው ነበር።

አንድ ጠዋት ሊነጋጋ ሲል ከፊት ለፊት ክፍል የዪንሁዋን ድምፅ ሰሙ። የጠዋት ጸሎታቸው መስሏቸው ሊተዉት ነበር፤ ነገር ግን ጸሎት «ና ወዲህ፣ አንተ ደግሞ አትጋፋ» አይልም። በቀስታ ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡ። ዪንሁዋ በገንዳው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በረጅሙ የመብያ እንጨት ቶፉና የባሕር አረም እየቆነጠሩ ለሦስቱ ሽሪምፖች ያጎርሱ ነበር። ሽሪምፖቹ ተሰልፈዋል።

«ዪንሁዋ።»

ዪንሁዋ አልደነገጡም። «ቀስ፣ ታስደነግጣቸዋለህ።»

«በየቀኑ ነው?»

«ሁልጊዜ ከጸሎት በኋላ። በዚህ ቤት ነፍስ አይጠፋም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ ትተውታል። ሦስተኛው ላይ እየሠራሁበት ነው።»

ሽዌሙ ተጠግተው ተቀመጡ። ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ዳሩ ግን ቶፉ የሚጎርስ ሽሪምፕ ፊት ለፊት ሰው እንዴት እንደሚቆጣ አላወቁበትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ብነግርህ ማዙ ጋ ሄደህ ሌላ ጥያቄ ትጠርባለህ።» የመብያውን እንጨት በጨርቅ ጠረጉ። «አንተ በእንጨቱ አሸነፍካት። ባሕሩ ላይ ያለው ግን የእኔ ወንድም ነው። ትናንት ሬዲዮው አውሎ ነፋስ ተነሥቷል አለ። እነዚህ ሦስቱ ጥርሳቸውን አንድ ነፍስ ላይ ባሳረፉ ቁጥር እኔ መርከቡ ነው የሚታየኝ።»

«እኔ ደግሞ ይሄ ነው የሚታየኝ፣» አሉ ሽዌሙ፤ ወደ ኮራሉ አመለከቱ። «አራት ቀርቷል፤ ቁጠሪው። ወንድምሽ በደህና ይመለስ ይሆናል፤ በደህና ተመልሶ፣ በደህና ይሄንን አጥንት አይቶ፣ በደህና ደረጃውን ይወርዳል። ሳህኑንም አንቺ ታጥቢዋለሽ።»

ዪንሁዋ በመብያው እንጨት ጫፍ ራሶቹን ቆጠሩ። ከሽሪምፖቹ አንዱ ወደ መስታወቱ መጥቶ ቆመ፤ ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም።

«እኔ አትብሉ አልልም፣ ብሉም አልልም፣» አሉ ዪንሁዋ በመጨረሻ። «ግን ራሴ ነኝ የምጠይቃት።»

ከቁርስ በኋላ ወረዱ። ሽዌሙ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ውጭ ጃንጥላ ይዘው ቆዩ። ዪንሁዋ ሲመለሱ ፊታቸው ቀሎ ነበር።

«ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«ቁርሳቸውን ባዘገይባቸው ቅር ይልሽ ይሆን ብዬ። ሦስት ጊዜ እሺ አለች።»

«እስከ መቼ እንደምታዘገዪስ?»

«እሷ አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሣሁባት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶፉው ቀረ። የብርቱካናማዎቹ ዓሦች ምግብም ሽራፊው ሳይወርድ እንዲያልቅ በጣም በጥቂቱ ይሰጥ ጀመር። ሽሪምፖቹ ለሦስት ቀን ከመስታወቱ ጥግ ቆመው ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ዪንሁዋ የሽሪምፖቹን ፊት ማየት ስላቃታቸው በገንዳው ላይ ፎጣ ጣሉበት። በአምስተኛው ቀን ሽዌሙ ፎጣውን አንሥተው ሲቆጥሩ አርባ አንድ ሆኑ። ቀጥሎ ሠላሳ ስድስት። በሳምንቱ ሃያ። ሦስተኛው ሽሪምፕ፣ ዪንሁዋ በብዙ ምክር ሲደክሙለት የነበረው፣ ከሁለቱ ይልቅ የበረታ ሆኖ ተገኘ። ሴፕቴምበር ሲጋመስ ሽዌሙ በባትሪ ስንጥቁን ሁሉ ፈትሸው አንድም አላገኙም። ኮራሉም እንደ ታመመ ሰው መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሁለት እያወጣ መመለስ ጀመረ። ሁለቱ ራሶች ግን አጥንት ሆነው ቀርተዋል፤ ዘጠኝ ዳኑ።

የመኸር ጨረቃ በዓል በኦክቶበር 4 ቀን ዋለ። በደረጃው ዳር ጎረቤት ሁሉ የከሰል ምድጃውን አውጥቶ ሥጋ ይጠብስ ነበር፤ ለአራት ወር ያላሸተቱትን ሽታ ሽዌሙ በመስኮት ቆመው በታላቅ ትዕግሥት ያሸቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዋንሺንግ በፀሐይ ጠቁሮ፣ በአንድ እጁ ትልቅ ብርቱካን የሚመስል የፖሜሎ ፍሬ በአንድ እጁ በበረዶ የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ ደረሰ። እህቱን ሰላም አለ፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዶ ተንበረከከ።

ሽዌሙ ከኋላው ቆመው የሚሉትን አዘጋጁ። «ሁለቱ ሞተዋል፣» አሉ። «አሥራ አንድ ሰጥተኸኝ ዘጠኝ ነው የመለስኩልህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በወረንጦ ነቅያቸው…»

ዋንሺንግ ግን ራሶቹን አልቆጠረም። ጉንጩን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ የኮራሉን እግር ይመለከት ነበር። «ጋሼ፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «እዚህ ሥር… የሆነች ቡናማ ነገር አልነበረችም?»



«ታውቅ ነበር፣» አሉ ሽዌሙ።

«አንዲት ነበረች። ደረጃውን ስወጣ ነው ያየኋት፤ መቶኛው ደረጃ ላይ ባልዲውን ገልጬ። የኔ ገንዳ ሁለት መቶ አለበት፣ ጋሼ። ኮራሉን ከዚያ ላውጣው ብዬ ነው ያመጣሁት።» ዓይኑን አላነሣም። «ልነግርዎት ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ፣ የመጀመሪያ ቃሌ ‹ቆሻሻ አመጣሁላችሁ› ይሁን? ማዕበል ውስጥ እንኳ የማስበው ስለዚያች ነገር ነበር። ይሄኔ ጨርሳዋለች፣ ይሄኔ እርስዎ ‹ዋንሺንግ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ኮራልም አያውቅም› ይላሉ እል ነበር።»

ዪንሁዋ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ጠርሙሱን አመጡና ከፊቱ አስቀመጡት። ትልቋ አኔሞኒ በድንጋይዋ ላይ የሻይ ስኒ አክላ ተዘርግታለች፤ በዙሪያዋም ልጆቿ።

«ይችን ነው?» አሉ።

ዋንሺንግ ጠርሙሱን አየ፣ እህቱን አየ፣ እንደገና ጠርሙሱን አየ። «መግበሻታል?»

«በየቀኑ፣» አሉ ሽዌሙ። «ሽሪምፖቹንም ቶፉ አልምዳ ነበር። ቁጭ በል፣ ረጅም ነው።»

ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት። ዋንሺንግ ጎመኑ ጋ ሲደርሱ መሬት ላይ ተቀምጦ የሳቅ እንባውን ይጠርግ ነበር።

የወደቡን ምድር ስለ ረገጠ ስእለቱ ተፈጽሟል፤ ስለዚህ ዓሣውን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ገባ። በእንፋሎት አበሰለው፤ ዝንጅብልና ቀጭን ሽንኩርት ነሰነሰበት። ዓሣው እሳት ላይ ሳለ ስለ ሽሪምፖቹ ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ከወጥ ቤት ወጥቶ ነበር። ዓሣው ቀረበ። በዋንሺንግ ፊት ያ ሳህን ተቀምጧል። ዋንሺንግ ግን አልቀመሰም፤ የመብያ እንጨቱን አስቀምጦ ሽዌሙን ይመለከት ጀመር። ዪንሁዋም ሽዌሙን ተመለከቱ፤ የእሳቸው አመለካከት ሌላ ነበር።

ሽዌሙ ቆርሰው ቀመሱ። ትንሽ እሳት ላይ ቆይቷል። ስለዚህ ጥርጥር አልነበረም።

አኘኩት፤ ዋጡት። ብልሽት አይተው ያላለፉበትን ስልሳ ስምንት ዓመት አሰቡ።

«እውነቱን ይበሉኝ፣ ጋሼ፣» አለ ዋንሺንግ።

«በእኔ ሥልጣን ያለ ነገር አይደለም፣» አሉ ሽዌሙ፤ ተነሥተውም ከመታሰቢያው መደርደሪያ ላይ የቤቱን ትንንሽ ቀያይ እንጨቶች አወረዱ። በሁለት እጃቸው ይዘው አጎነበሱ። «የዋንሺንግ ዓሣ በልኩ ነው የበሰለው ወይ?»

እንጨቶቹ በወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ ከዓሣ ገንዳው እግር ደርሶ ቆመ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጋለዋል።

መጀመሪያ የሳቀው ዋንሺንግ ነው። «በቃ፣ ገባኝ፣» አለ፤ ሳህኑንም ሞላ። «ዘጠኝ ዓመት እኮ እኔም ትንሽ እንደቆየ አውቅ ነበር።»

ከበሉ በኋላ ዪንሁዋ ሳህኑን አጠቡት፤ በጣም ቆሽሾ ስለ ነበር ሁለት ጊዜ። ኮራሉ ዋንሺንግ የራሱን ገንዳ እስኪያጸዳ ድረስ እዚያው እንዲቆይ ተስማሙ፤ ዋንሺንግም በየእሑዱ ሊያየው ይመጣል። ጠርሙሱን በተመለከተ፣ ስእለቱ አልፏልና መግደል ይቻል ነበር። ሽዌሙ ሎሚውንና መርፌውን ጭምር አዘጋጅተው ለሚስታቸው አቀረቡ። ዪንሁዋ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና ወደ ሰገነቱ መለሱት። እዚያው አለ።

ይህንን የጻፍኩት ነገሩ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደረጃውን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ አንዴ መቶ አሥራ ሁለት አንዴ መቶ አሥራ አራት አግኝቻለሁ፤ አኔሞኒዎቹም አርባ ሦስት ይሁኑ አርባ አምስት ሽዌሙና ዪንሁዋ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ በቁጥርም ሆነ በቀን የተዛባ ነገር ያገኘ አንባቢ፣ በተለይም ኮራል የሚያረባ ሰው ወይም የዚያ ሰፈር ነዋሪ፣ ሳይሰቀቅ እንዲያርመኝ እለምናለሁ። የዓሣውን ነገር ግን ስላልቀመስኩት ከእኔ ጋር አትሟገቱ።